በወፍጮ ድምፅ የተደበቀ ሳል

ሳል ይዞ ስርቆት፣ ቂም ይዞ ጸሎት አይሆንም ይላሉ። ይህን ያለው ሰው የቢቸናውን ይግዛውን አላየውም። ይግዛው የደረት ሳሉን ከጎረቤት ብቻ ሳይሆን ከገዛ ሚስቱ ደብቆ ዓመታት ኖሯል። እንዴት አድርጎ ቢባል፣ ወፍጮ ቤት ነበረው።

ወፍጮ ቤቱ ከገበያው ወረድ ብሎ ነው። ሠላሳ ዓመት ሠርቶበታል፤ መጀመሪያ በናፍጣ፣ ኋላም በመብራት። ጤፍ ይፈጫል፣ በቆሎ ይፈጫል፣ በዓል ሲቃረብ በርበሬ ይፈጫል። ሞተሩ ከተነሣ በጆሮው ካልጮኹበት ሰው ሰውን አይሰማም። ይግዛው ደረቱን ይዞ፣ ጎንበስ ብሎ፣ አክታው እስኪለቅለት ሲስል የሚሰማው አልነበረም። አይተው የሚያዝኑለት እህል አስፈጪ ሴቶችም «ዱቄቱ እኮ ነው፣ ዱቄቱ!» ይሉት ነበር። እውነታቸውን ነበር፤ ግን የእህል አስፈጪ ቃል ማን ከቁም ነገር ይቆጥራል?

ሳሉ የጀመረው በክረምት ነው። ጉንፋን ነው ብሎ ናቀው። ነጭ ሽንኩርት በማር ዋጠ፣ ዝንጅብል አፍልቶ ጠጣ፣ ጠበልም ተጠመቀ። ጉንፋኑ ሄደ፣ ሳሉ ቀረ። መስከረም አልፎ ኅዳር ሲጋመስ ይግዛው ታላቅ ወንድሙ ባየ ትዝ አለው፤ ያን ጊዜ ፍርሃት ገባው።

ባየ በሳንባ ነቀርሳ ሲሞት ይግዛው የዐሥራ ሁለት ዓመት ልጅ ነበር። በቤታቸው ደንብ የሳል በሽተኛ ዋንጫው ይለያል። የባየ ዋንጫ ከበሩ ኋላ ለብቻዋ ተሰቅላ ትውል ነበር፤ ማንም አይነካትም። እናታቸው ግን «ልጄን ለይቼስ አላበላም» አለች። በአንድ ገበታ ከልጇ ጋር በላች፣ ዋንጫውን ተቀብላ ጠጣች፣ እሱ በሞተ በዓመቱም ተከተለችው።

የይግዛው ሚስት በዛብሽ ደግሞ በግትርነት ከእናቱ ብትብስ እንጂ አታንስም። «ብነግራት የዚያኑ ዕለት ኩባያዬን ነጥቃ ትጠጣበታለች» አለ በልቡ። ስለዚህ አልነገራትም። ኩባያውን ራሱ ለይቶ ወደ ወፍጮ ቤት ወሰዳት። ምሳውን እዚያው መብላት ጀመረ። «ሌባ በዝቷል፣ የሰው እህል ልጠብቅ» ብሎ ጆንያ አንጥፎ እዚያው ማደር ለመደ። እሑድ ቤቱ ሲገባ በዛብሽ ጉርሻ ብትዘረጋለት «ጥርሴን አሞኛል» ብሎ ፊቱን ያዞራል፤ ሳሉ ሲመጣበትም ወደ ጓሮ ይወጣል። ከወደዳት ብዛት ነው ይህን ሁሉ የሚያደርገው። ሞኝ! መውደዱን ያላሳወቀ ሰው ከጠላ ሰው በምን ይለያል?

በዓመቱ በዛብሽም መሳል ጀመረች። እሷ አትደብቅም፤ ከማድ ቤቷ ብቅ ብላ፣ መቃኑን ተደግፋ፣ ዓይኗ እንባ እስኪያቀርር ትስላለች። ይግዛው አንድ እሑድ ይህን ሰማ። አስይዣታለሁ አለ። ሰው እንዲህ ሲሆን ሚስቱን ይዞ ሐኪም ቤት ይሮጣል፤ እሱ ግን የባሰ ራቀ፣ እሑድንም አስቀረ። አንድ ቀን በዛብሽ ራሷ ወፍጮ ቤቱ ድረስ ወርዳ ከበሩ ቆመች።

«አንተ ሰውየ፣ ምን አጥፍቼ ነው?» አለችው።

«ሥራ ነው በዛብሽ፤ ሥራ በዝቶብኝ ነው» አላት።

ነጠላዋን ወደ አፏ ሰብስባ ጥቂት አየችውና ተመለሰች። ሁለተኛ አልጠየቀችውም።

አምና በጥር ከቤተ ክርስቲያን ስትመለስ «ራሴን፣ ራሴን» ብላ ወደቀች፤ በሦስተኛው ቀን አረፈች። ሐኪሞቹ ደም ግፊት ነው አሉ፤ አገሩም አመነ። ይግዛው ብቻ አላመነም። በለቅሶ ቤቱ ድንኳን ጥግ ተቀምጦ የገደልኳት እኔ ነኝ ይል ነበር በልቡ። ሳሉ ሲመጣበት ተነሥቶ ከጓሮ ይሄዳል። ለቀስተኛው እንባውን ሊደብቅ የሄደ እየመሰለው ከንፈሩን መጠጠለት።

ከዚያ ወዲያ የቀረችው አንዲት ልጁ ንጋት ናት፤ ሞጣ አግብታ የምትኖር። እሷም ከእናቷ ተዝካር በኋላ ስልኳን እያራቀች ሄደች። ዘንድሮ ሴት ልጅ ወለደች፤ ይግዛው ማር ላከ እንጂ ለመጠየቅ አልሄደም። በመጋቢት መጨረሻ ራሷ ደወለች።

«አባየ፣ ከፋሲካ በኋላ ልጅቱ ሰማንያ ቀን ይሞላታል፤ ክርስትና ትነሣለች። ከእናቴ እንደሸሸህ ከእኔም ከሸሸህ፣ ካሁን ወዲያ አባት አለኝ አልልም።»

መልስ ሳትጠብቅ ዘጋችው። ይግዛው ስልኩን እንደያዘ ቀረ። ቢሄድ ሕፃኗን በትንፋሹ ሊያጠፋ ነው፤ ቢቀር ልጁን ሊያጣ። በሽታውን የደበቀ መድኃኒት የለውም የሚለውን ሲሰማ ያደገው ሰው፣ በስተርጅና እውነት መሆኑ ገባው። በማግሥቱ ሞተሩን አጥፍቶ፣ ሰውነቱን ታጥቦ፣ ጤና ጣቢያ ሄደ።

የተቀበለው ጤና መኮንን ኸይረዲን የሚባል፣ ከወሎ ተመድቦ የመጣ ወጣት ነው።

«ሳሉ ስንት ጊዜ ሆነዎት አባቴ?»

«ሦስት ዓመት አልፎታል።»

ኸይረዲን እስክሪብቶውን አስቀመጠ። «ሳል ሁለት ሳምንት ካለፈ እኮ መመርመር ነው። እርስዎ ሦስት ዓመት ምን ሲጠብቁ ነበር?»

ጥያቄውንም ቀጠለ። ደም ይቀላቅላል? አይ። ሌሊት ያልብዎታል? አይ። ከስተዋል? ብዙም አይደል። መቼ ይብስብዎታል ሲለው ግን ይግዛው አሰበ። «በርበሬ ስፈጭ። በዓል ውዬ ሁለት ሦስት ቀን ከዘጋሁ ቀለል ይለኛል» አለ። ኸይረዲን ራሱን ነቀነቀና የማለዳ አክታ የሚያመጣበት ክዳን ያለው ዕቃ ሰጠው፤ ደረቱንም ራጅ እንዲነሣ ላከው።

ውጤቱ እስኪደርስ ይግዛው እህል አላሰኘውም። በወፍጮ ቤቱ ጆንያ ላይ ተቀምጦ ለመጀመሪያ ጊዜ ቤቱ ምን ያህል ዝም እንደሚል ሰማ። የሚነግረው ሰው ፈለገ፤ ማንን? የሚነገራት አንዲት ሴት ነበረች፣ እሷንም ራሱ አራቃት።

በቀጠሮው ቀን ኸይረዲን ፈገግ ብሎ ጠበቀው። «የሳንባ ነቀርሳ የለብዎትም አባቴ። የዱቄት ብናኝ ነው። ሠላሳ ዓመት የመተንፈሻ ቧንቧዎን ሲያስቆጣው ኖሮ ነው። ሌሊትስ የት ነው የሚተኙት?»

«እዚያው፣ ወፍጮ ቤት።»

«ታዲያ ሌሊትም ዱቄት ሲስቡ ነው የሚያድሩት!» አለና በአፍ የሚሳብ መድኃኒት አወጣ፤ እንዴት እንደሚሳብም ራሱ አሳየው። ከቤትዎ ይተኙ፣ ሲሠሩ አፍና አፍንጫዎን ይሸፍኑ፣ መስኮቶቹን ይክፈቱ፣ በርበሬውን ይተዉት፤ ቢቻልዎትስ ሥራውን ለሌላ ሰው ይልቀቁት አለው። ትንፋሽ ካጠረዎት ወይም ደም ካዩ ዛሬ ነገ ሳይሉ ይምጡ አለው።

«እንግዲያ ኩባያዬን መለየቴስ?» አለ ይግዛው።

«ነቀርሳ እንኳ ቢሆን በኩባያ አይተላለፍም፤ በትንፋሽ ነው። እሱም መድኃኒቱ በደንብ ከተጀመረ በሳምንታት ውስጥ ማስተላለፉ ይቆማል። ማን ነው ለዩ ያለዎት?»

«ማንም» አለ ይግዛው። «ሚስቴም ትስል ነበር።»

«በምን ነበር የምታበስል?»

«በእንጨት። መስኮት በሌለው ማድ ቤት።»

«ጪሱ ሊሆን ይችላል። ሳላያት ግን እንዲህ ነው አልልም» አለ ኸይረዲን።

ይግዛው ወጥቶ ከበሩ አጠገብ ካለው አግዳሚ ተቀመጠ። ደስ ሊለው ይገባ ነበር፤ ሚስቱን አልገደላትም። ግን በከንቱ ትቷታል። በከንቱ! ጉርሻዋን የመለሰው፣ ጆንያ ላይ የተኛው፣ ከበር ቆማ ስትጠይቀው የዋሸው፣ ሁሉም ለምንም አልነበረም። ዘበኛው ሊዘጋ መጥቶ «አባባ፣ መሽቷል» እስኪለው ከዚያ አልተነሣም።

የክርስትናው ዋዜማ በሚኒባስ በደብረ ወርቅ በኩል ሞጣ ገባ። በማግሥቱ ምሥራቅ የተባለችው ሕፃን ተጠምቃ፣ እንግዳው ቤትና ግቢ ሞልቶ ሲበላ፣ ንጋት አባቷን እንደ ማንኛውም እንግዳ አስተናገደችው። ይብላ ትላለች፣ ዓይኗን ግን አትሰጠውም። ይግዛው ከዚህ በላይ አልቻለም። ወደ ጓዳ ተከትሏት ገባ።

ሁሉንም ነገራት። ባየን፣ ዋንጫውን፣ እናቱን፣ ወፍጮ ቤቱን፣ የሐኪሙን ቃል። ንጋት እንስራውን ተደግፋ ሰማችው። ሲጨርስ ከቁም ሳጥኑ ላይ ተንጠራርታ አንዲት የቆርቆሮ ኩባያ አወረደች። በኩባያዋ ጆሮ ላይ ለምልክት ቀይ ክር ታስሮባታል።

«የእናቴ ናት» አለች። «እዚህ ስትመጣ ከዚች በቀር በሌላ አትጠጣም፤ እኔንም አትስመኝም ነበር። "ሳሌ መጥፎ ነው፣ አባትሽ አውቆብኝ ነው የሸሸኝ" ትለኛለች። ልደውልለት ስላት እግሬ ላይ ወደቀች። "ተይው፣ መጎዳቴን ከነገርሽው አዝኖ ይመለሳል፤ ከተመለሰ ይይዘዋል" አለችኝ።»

ይግዛው ኩባያዋን ተቀበላት። ንጋት ክሩን ልትፈታ እጇን ስትሰድ «ተይው፣ እንዳለ ቅጅልኝ» አላት። ጠላ ቀዳችለት። ግማሹን ጠጥቶ ሰጣት፤ እሷም ተቀብላ የቀረውን ጨለጠች።

ያን ጊዜ ሳሉ መጣበት። እንደ ልማዱ ወደ ጓሮ ሊሄድ ነበር፤ ንጋት ግን ክንዱን ይዛ ወደ ሰው አወጣችው። ወፍጮ በሌለበት፣ በጠራራ ፀሐይ፣ ከወገን መሀል ቆሞ እስኪወጣለት ሳለ። ልጁ ሰማችው፣ አማቹ የኔሰው ሰማው፣ ሕፃኗም ደንግጣ አለቀሰች። በዛብሽ ብቻ አልሰማችውም።