የቱ «ሀ»?

ትርፊት ተቀምጣ መሥራት አትችልም። ሆሳዕና በሚገኘው ቢሯችን ከእኔ ጠረጴዛ ቀጥሎ ወንበር አላት፤ ወንበሩ ላይ የሚቀመጠው ግን ቦርሳዋ ነው። እሷ ቆማ በአንድ እጇ ላፕቶፑን ትመታለች፣ በሌላው ፀጉሯን ትጠመጥማለች። የጤና ጣቢያዎችን የዓመት ዕቅድ የምታሰባስበው እሷ ናት።

ዕቅዱ በኤክሴል ይመጣል። አንዱ ወራቱን ወደ ጎን ይደረድራል፣ ሌላው ወደ ታች። ድሮ በእጅ ስናስተካክለው ሁለት ሳምንት ይበላን ነበር። ትርፊት ግን አር በሚባለው ፕሮግራም ላይ አንድ ፓኬጅ ጫነች። ፋይሎቹን ያስገባል፣ ሰንጠረዡን ያቃናል፣ የየጣቢያውን ስም ከዞኑ ዝርዝር ጋር አመሳክሮ በአንድ ሉህ ያወጣል። አምና በግማሽ ቀን ጨርሳ ስትልከው አጨበጨብንላት።

ዘንድሮ ግን ልቧ አልረጋም። ሠላሳ ስምንት ጣቢያ አስገብታ ሠላሳ ሰባት ወጣ። እስከ አሥራ አንድ ሰዓት መላክ አለባት፤ ሉሁ ላይ የሌለ ጣቢያ ደግሞ የነፍሰ ጡሮች የኤች አይ ቪ መመርመሪያ ኪት አይደርሰውም።

«ፕሮግራሙ አምናም ‹አንድ ስም አልተገኘም› ብሎኝ ነበር» አለችኝ። «ባዶ መስመር መስሎኝ አለፍኩት።»

«የቸኮለች አፍስሳ ለቀመች» ልላት አፌ ላይ ደርሶ ነበር፤ ፊቷን ሳይ ዋጥኩት።

የጠፋው ከፎንቆ ወዲያ ያለው የሀይላሞ ጤና ጣቢያ ነው። በዞኑ ዝርዝር «ሀይላሞ»፣ በፋይሉ «ኃይላሞ» ይላል። ለጆሮ አንድ ነው፤ ለፕሮግራሙ ግን ሁለት ቦታ።

ዕቅዱ እሷ ጋ ከመድረሱ በፊት አይተው ወደሚያሳልፉት አቶ ቸኮል በሩጫ ሄደች። የቄስ ትምህርት የቀመሱ ሰው ናቸው፤ ያለቦታው የገባ ፊደል ካዩ እህል አይወርድላቸውም።

«ጋሼ ቸኮል፣ ሀይላሞን ነክተውታል?»

«አስተካከልኩት እንጂ! ከኃይል የመጣ ስም በብዙኃኑ ኀ ነው የሚጻፈው።»

«ሀዲይኛ እኮ ነው ጋሼ! ከኃይል ጋር ምን አገናኘው?»

አቶ ቸኮል መነጽራቸውን አወለቁ። «አምናም አስተካክዬው ነበር» አሉ ቀስ ብለው።

ትርፊት ፊደሏን መለሰች፤ ሠላሳ ስምንት ወጣ። ላከችው። ገና አሥር ሰዓት ስለነበር አሁንስ ትቀመጣለች ብዬ ነበር፤ ጭራሽ ባሰባት። አምና የሀይላሞዋ አዋላጅ ማራኪ «ኪት አልደረሰንም» ብላ ስትደውል፣ ትርፊት «ዕቅድ ሳትልኪ ኪት ትጠይቂያለሽ?» ብላ ጆሮዋ ላይ ዘግታባታለች። አጠገቧ ነበርኩ፤ ስቄያለሁም። አሁን ሳስበው ያሳፍረኛል።

ስልኩን ላውድ አድርጋ ደወለች። «ማራኪ፣ ያኔ ዕቅድሽ ደርሶ ነበር። የጣልኩሽ እኔ ነኝ።»

«ዓመቱን ሙሉ ምን አጥፍቼ ይሆን እያልኩ ነበር» አለች ማራኪ። «ሳይመረመሩ የወለዱ አሥራ ዘጠኝ እናቶች አሉ። ስማቸው መዝገቤ ላይ አለ፤ በየትኛው ሀ እንደጻፍኩት ግን አላውቅም።»

«ነገ በጠዋት እመጣለሁ፤ ቤት ለቤት እንፈልጋቸዋለን።»

«ለምን ነገ?» አለች ማራኪ።

ትርፊት ቦርሳዋን ከወንበሩ አንስታ ወደ መናኸሪያ ወጣች። አቶ ቸኮልም ኮታቸውን እየለበሱ ተከተሏት።