ያልረገጥኩት ወገብ

ትናንት የልጅ ልጄ ባጃጁን ደጅ አቁሞ ወገቡን በሁለት እጁ ደግፎ ገባ። «እማማ፣ መንታ አይደለሽ? እስኪ ረገጥ ረገጥ አድርጊኝ» ብሎ መደቡ ላይ በደረቱ ተዘረጋ። ቀኑን ሙሉ በላሊበላ ኮረኮንች ሲንገጫገጭ የሚውል ልጅ ወገቡን ቢያመው ምን ይገርማል! እኔ ግን እግሬን ከማንሳቴ በፊት ጠየቅኩት፤ ስትተኛም አይተውህም ወይ፣ እግርህ ይደነዝዛል ወይ፣ ሽንትህስ ያመልጥሃል ወይ። ልጁ ሳቀብኝ። ጥግ ይዞ የተቀመጠው ባለቤቴ ደሳለው ግን አልሳቀም።

በኛ አገር መንታ ሆኖ የተወለደ ሰው የታመመ ወገብ ቢረግጥ ያሽራል ይባላል። መንትያ ወንድሜ ጡት ሳይጥል ስለሞተ የሁለታችንም ሥራ እኔ ላይ ወደቀ። በደርግ ጊዜ፣ ገና ልጃገረድ ሳለሁ፣ ከይምርሐነ ክርስቶስ ወዲህ ባለችው መንደራችን ወገቤን ያለ ሁሉ የሚመጣው እኔ ዘንድ ነበር። አጨዳ ያጎበጠው፣ እንስራ የከበዳት፣ ወፍጮ ላይ አጎንብሳ የዋለች፣ ሁሉም ቁርበት ላይ በደረቱ ይተኛል፤ እኔም እግሬን ታጥቤ ቀስ ብዬ እወጣለሁ። አብዛኞቹ እፎይ ብለው ይነሣሉ። የድካም ሕመም ነዋ፣ ጥቂት ቢያርፉም ይለቃቸው ነበር! እኔ ግን የሰጡኝን ቆሎ እየቆረጠምኩ ባለመድኃኒት ነኝ ብዬ እኮራለሁ።

አንድ ጥቅምት፣ ገብሱ ቢጫ ሲሆን፣ ጎረቤታችን እትየ ጥሩዬ ልጃቸውን ደሳለውን ይዘውት መጡ። ክረምት ሲገባ ግንድ ተሸክሞ ወገቡ ተቀጨ፣ ይኸው እስካሁን አልተወውም አሉ። መንደርተኛው ውትድርና ፈርቶ ነው እያለ ያማው ስለነበር፣ ቶሎ ድኖ አጨዳ እንዲወጣላቸው ቸኩለዋል። እኔ ደግሞ፣ አሁንማ ምን አፍራለሁ፣ ደሳለውን በጥምቀት ጭፈራ አይቼው ልቤ ከደነገጠ ቆይቷል።

ቁርበቱ ላይ ተኛ። ወገቡ ላይ ልወጣ ስል እግሬ ስቶ ተረከዙ ላይ ሙሉ ክብደቴን ጣልኩበት። ሌላ ሰው ቢሆን ይጮህ ነበር፤ እሱ ንቅንቅ አላለም። ጎበዝ ነው ብዬ ነበር፤ ግን አንድ ነገር ከነከነኝ። ጎንበስ ብዬ ተረከዙን በጥፍሬ ጫንኩት።

«ምንህን ነው የነካሁህ?» አልኩት።

«ገና መች ወጣሽና» አለኝ።

ምንም እንዳልተሰማው ገባኝ። ጀርባውን በእጄ ስዳስስ ከመሀል አንዱ አጥንት አብጦ ወጥቷል፤ በዚያ ብርድ ሸሚዙ በላብ ርሷል። ቀስ ብዬ ብጠይቀው፣ ቢተኛም ሕመሙ እንደማይተወው፣ ሌሊት ሌሊት ላብ እንደሚያጠምቀው፣ እየከሳ እንደሄደ፣ እግሩም መጎተት እንደጀመረ ነገረኝ። እናቱ እንዳይደነግጡ ደብቋቸው ነበር።

አልረግጠውም አልኩ። እትየ ጥሩዬ ልጄን ተጸየፍሽው ብለው ተቆጡ።

«እትየ፣ ይሄ የድካም ወገብ አይደለም» አልኳቸው እያለቀስኩ። «ብረግጠው እሰብረዋለሁ።»

አላመኑኝም። ራሳቸው ጎንበስ ብለው የልጃቸውን እግር ቆነጠጡት፤ ዝም ሲላቸው እጃቸውን አፋቸው ላይ ጫኑ።

የመንደሩ ወንዶች ያንኑ ቀን በቃሬዛ ላሊበላ አወረዱት። የክሊኒኩ ጤና ረዳት ጀርባውን ዳስሶ፣ ይህን የረገጠው ሰው አለ ወይ ብሎ ጠየቀ አሉ። የለም ሲሉት፣ ተረግጦ ቢሆን ዳግም ላይቆም ይችል ነበር ብሎ ወደ ወልድያ ላከው። የአጥንት ነቀርሳ ኖሯል፤ ያው ሳንባ የሚይዘው ቲቢ አጥንቱ ውስጥ ገብቶ።

ገብሱ ታጨደ፣ ተወቃ፣ በልግም ዘንቦ አባራ፤ እሱ ግን መርፌ እየተወጋ እዚያው ቀረ። እኔ ውኃ ስቀዳ ዓይኔ ከመንገዱ አይነቀልም። ከወልድያ የሚመጣ መንገደኛ ባየሁ ቁጥር ምን ሊያረዳኝ ይሆን እያልኩ እንስራዬን አስቀምጬ እጠብቀው ነበር።

ግንቦት ላይ በትር ተደግፎ በእግሩ መጣ። እናቱ ቤት እንኳ ሳይገባ ደጃችን ቆመና ጫማውን አውልቆ ተረከዙን አስጠጋልኝ።

«በይ አሁን እርገጪኝ» አለ።

እንባዬ እየወረደ ረገጥኩት። «ኧረ ቀስ!» ሲል የሰማሁት ድምፅ እስከዛሬ ጆሮዬ ውስጥ አለ።

የልጅ ልጄንማ ከጠየቅኩት አንዱም እንደሌለበት አረጋግጬ፣ ወገቡን በቅቤ አሽቼ፣ ወንበርህ ላይ ትራስ አድርግ፣ በየመሀሉ ወርደህ ተንጠራራ ብዬ ሸኘሁት። ማታ የደሳለውን እግር ሳጥብ እንደ ልማዴ ተረከዙን በጥፍሬ ጫን አደረግኩት። አንዴ ሊያሾፍብኝ ዝም ብሎኝ ነበር፤ ፊቴን ካየ ወዲህ ግን ደግሞት አያውቅም።

«ተሰምቶኛል» አለኝ።