የዱዎት «አንቺ»

በኢታንግ መንገድ ዳር ባለች አንዲት ጤና ጣቢያ ኑዌርኛን ወደ አማርኛ የሚያስተረጉመው ዱዎት፣ አማርኛው እንከን አይወጣለትም ነበር። ጎንደሬን ያስንቃል ተብሎ ይመሰገናል እንጂ ለምሳ የሚጠራው አልነበረም። ሰው መቼም እንዲህ ነው፤ እንከን ያጣበትን ያከብረዋል፣ አይጠጋውም። ዱዎትም ምሳውን ብቻውን ይበላ ነበር።

አንድ ቀን በምሳ ሰዓት ቸኩሎ የጤና ጣቢያውን ኃላፊ፣ «አቶ ጥዑመልሳን፣ ስልክሽ እየጠራ ነው» አላቸው። ግቢው በሳቅ ፈረሰ። እሳቸውም እንባቸውን እየጠረጉ «ና በሞቴ» ብለው አጎረሱት።

ዱዎት ሞኝ አይደለም። ከዚያ ወዲህ ሆን ብሎ ወንዱን «አንቺ»፣ ሴቷን «አንተ»፣ «እሱ» የሚባለውን «እሷ» ይል ጀመር። ነርሷ ሲስተር ምሕረት ሳትቀር ቤቷ ትጠራው ጀመር። መወደድ በለመደ ብቸኛ ላይ ማን ይፈርዳል? ያ ሳቅ ግን እሱን ባቀረበ ቁጥር ቃሉን ያቀልበት ነበር፤ ይህን አላየም።

ክረምት ሲገባ ኛዱዋል የምትባል እናት መንታ ልጆቿን፣ ወንድና ሴት፣ ከትየርኪዲ የስደተኞች መጠለያ ይዛ መጣች። ሁለቱም ጉሮሯቸው አብጦ በትኩሳት ይነዳሉ። ለሁለቱም የፔኒሲሊን መርፌ ታዘዘ። እናቲቱ የዱዎትን እጅ ጨብጣ፣ ሴቷ ልጅ አምና በዚሁ መርፌ ፊቷ አብጦ፣ ትንፋሿ ተቆርጦ ከሞት እንደተረፈች ነገረችው።

ዱዎት ወዲያው ተነሣ። ወደ መርፌ ክፍሉ አንገቱን አስግጎ፣ «ሲስተር፣ እሷ እንዳትወጋ፤ ይሄ መድኃኒት ይገድላታል» አላት።

ምሕረት ወረፋው በዝቶባት ቀና ሳትል ፈገግ አለች። የዱዎት «እሷ» እሱ ማለት እንደሆነ ግቢው ሁሉ ያውቃል። በወንዱ ልጅ ካርድ ላይ «አይወጋ» ብላ ጻፈች። ዱዎትም ለሌላ በሽተኛ ሊያስተረጉም ተጠርቶ ሄደ።

ሲመለስ ወንዱ ልጅ ክኒን ይዞ ተቀምጧል። ሴቷ ልጅ የተወጋችበትን በጥጥ ይዛ አንገቷን ታክካለች። ከንፈሯ ማበጥ ጀምሯል።

«እሷን ነው ያልኩሽ» አለ ዱዎት።

የምሕረት ፊት አመድ መሰለ። «አንተ እኮ ሁልጊዜ...» ብላ ሳትጨርስ መድኃኒት ፍለጋ ወደ ቁም ሣጥኑ ሮጠች።

ኛዱዋል፣ መርፌው የተቀየረ መስሏት ያስወጋቻትን ልጇን አቅፋ፣ ዱዎትን ቀና ብላ አየችው። በኑዌርኛ፣ ቀስ ብላ፣ «ነግረሃቸዋል አይደል?» አለችው።

የልጅቷ ትንፋሽ ማፏጨት ጀመረ።