የቁስቋም ዕለት ያጨድሁት ገብስ

ባለቤቴ በሕይወት ሳለች ቀን ቆጥሬ አላውቅም። ጧት ከመደቡ ስነሣ "ዛሬ ስንት ነው?" እላታለሁ፤ እሷም እሳቱን እየቆሰቆሰች "ዐሥራ ዘጠኝ፤ ገብርኤል ነው፣ በሬዎቹን አትጥመድ" ትለኛለች። ወይም "ዛሬ ምንም የለም፣ ሂድ ሥራህን ሥራ" ትለኛለች። በቃ፣ እወጣለሁ። የትኛው ቀን የየትኛው ታቦት እንደሆነ፣ ጾም መቼ እንደሚገባ፣ የማኅበሩ ጽዋ ተራ የማን እንደሆነ፣ ሁሉም እሷ ዘንድ ነበር። እኔ ቄስ ትምህርት ቤት ገብቼ ፊደሉን ለይቻለሁ፤ ዳዊት ሳልደርስ ግን ሞፈር ያዝሁ። ቁጥር አይጠፋኝም። የሚቆጥርልኝ ሰው እያለ ለምን እቆጥራለሁ ብዬ ነው እንጂ።

ካቻምና ታኅሣሥ በገባ በሳምንቱ ሞተች። ለአርባዋ በጎተራ የነበረው እህል አለቀ። ከዚያ ወዲያ አንድ ነገር ብቻ ነው ያሰብሁት፤ ሙት ዓመቷን አሳምሬ ማውጣት። ጎረቤቱ ሁሉ ዳሱ ውስጥ ተቀምጦ፣ ከቤቴ በልቶ፣ ከቤቴ ጠጥቶ "ነፍስ ይማር" ሲላት መስማት። በእኛ አገር የሙት ዓመት ዝክር ሰው ካልቀመሰው ዝክር አይባልም። ዕድሜዬ ሄዷል፤ ከዚህ ሌላ የቀረኝ ሥራ አልነበረም።

ቤታችን ከደባርቅ በእግር ሁለት ሰዓት ነው። መንደሩም ቤተ ክርስቲያኑም ከላይ ደጋው ላይ ነው። የእኔ አንድ ማሳ ግን ከጉብታው ወዲያ፣ ከገደሉ ሥር ወርዶ ይገኛል። እዚያ ስለሚሞቅ ገብሱ ከላይኛው ቀድሞ ይደርሳል። ለሙት ዓመቷ ዳቦና ጠላ የሚሆነኝ ያ ማሳ ብቻ ነበር።

አምና ጥቅምት ተገባዶ ኅዳር ሲብት ብርድ መታኝና ተኛሁ። የጽጌ ጾም ላይ ነን። አንዲት ጎረቤቴ፣ ከባለቤቴ ጋር በአንድ ጽዋ ማኅበር የኖረች ሴት፣ አጥሚት እያፈላች በቅል ታመጣልኝ ነበር። "ምን ይሰማዎታል?" ትለኛለች፤ "ደኅና ነኝ" እላታለሁ። ቀኑን ግን አልጠየቅኋትም። ልጄ ጎንደር ናት። እሷ የሰጠችኝ ስልክ ቀን ያሳያል፤ የሚያሳየው ግን የፈረንጁን ነው። እሱም ቢሆን ያን ጊዜ ቻርጅ ጨርሶ ግድግዳው ላይ ተሰቅሏል። ሦስት ቀን ተኝቼ ኖሮ እኔ ሁለት ቆጠርሁ። ነገሩ ሁሉ ከዚህ መጣ።

ሲሻለኝ ኅዳር አምስት ነው አልሁ። ነገ ቁስቋም ነው፤ ጾሙ ይፈታል፤ ዛሬ አጭጄ ልጨርስና ነገ ታጥቤ፣ ነጭ ለብሼ ቤተ ክርስቲያን እሳለማለሁ ብዬ ገና ጀምበር ሳትወጣ ማጭዴን ይዤ በጉብታው ዞሬ ወረድሁ። ገብሱ ደርቆ አንገቱን ደፍቷል። ማሳው ጠባብ ቢሆንም ለእንደኔ ያለ ሽማግሌ የሁለት ቀን ሥራ ነበር። እንጃ ያን ቀን ጉልበቱ ከየት እንደመጣ። እያጨድሁ አነጋግራት ነበር፤ "ይኸው ያንቺ ነው፣ ይኸኛውም ነዶ ያንቺ ነው" እያልሁ።

ያን ዕለት ሸለቆው ጭር ብሎ ዋለ። ከማዶ የሚያጭድ የለም። የሚያዜም የለም። ጭላዳ ዝንጀሮዎቹ ከገደሉ ወርደው የሰው ማሳ ዳር ሲግጡ እንኳ የሚጮህባቸው አልነበረም። ይህን ሁሉ አይቻለሁ። አይቼ ታዲያ ምን አልሁ? "ዘንድሮ ሰው ሰንፏል" አልሁ።

ነዶውን ከምሬ፣ በሣር ከድኜ፣ ጀምበር ስታዘቀዝቅ ወደ ላይ መውጣት ያዝሁ። መንገድ ላይ የወንፈል ጓደኛዬን ከነሚስቱ አገኘኋቸው። አርባ ዓመት እኔ የእሱን እሱ የእኔን ስናጭድ የኖርን ሰዎች ነን። ሁለቱም ነጭ በነጭ ለብሰዋል።

"አያ፣ እንኳን አደረሰህ!" አለኝ ከሩቅ።

"ለምኑ?"

"ለቁስቋም ነዋ! ምነው ከቅዳሴው አጣንህ? ተሽሎታል ሲሉ ሰምቼ ነበር።"

ሚስቱ ሳቀች። "ተዋቸው እቴ፣ ሰው የፈታውን ጾም እሳቸው ሊያስረዝሙት ነው። ብቻቸውን ሊጸድቁ!"

እኔም አብሬ ሳቅሁ። ጨዋታ መስሎኝ ነው። እሱ ግን ቀረብ ሲል ጋቢዬ ላይ የተሰካካውን የገብስ ጢም አየና ፊቱ ተለወጠ።

"ያ የያዝኸው ምንድን ነው?"

"ማጭድ።"

"ማጭዱንማ አየሁት። ዛሬ ነው ያጨድኸው?"

"ዛሬ አምስት አይደለም እንዴ?"

"ኸረ ስድስት ነው፣ ሰውዬ! ቁስቋም እኮ ነው! እመቤታችን ከስደቷ ያረፈችበት ቀን!"

ሚስቱ አማተበች። "በስመ አብ" አለችና ነጠላዋን አፏ ላይ ያዘች። እሱ ወደ ኋላም ወደ ፊትም አየ። "ይሁን፣ ስተህ ነው። ለሰው አታውራው" አለኝ። እኔ ለማን አወራለሁ? ሚስቱ ግን ሰምታለች።

በማግሥቱ ማልጄ ንስሐ አባቴ ዘንድ ሄድሁ። በዕድሜ ልጄ ይሆናሉ፤ ሲያናግሩኝ አንቱ ይሉኛል። "አባ፣ ቀን ስቼ በቁስቋም አጨድሁ" አልኋቸው።

"አውቀው ነው?"

"አላወቅሁም።"

"እንግዲያ አይጨነቁ። አርባ ስግደት ይስገዱ። ጉልበትዎ እንቢ ካለም ቁጭ ብለው አቡነ ዘበሰማያት ይድገሙ።"

ጉልበቴ እንቢ ቢልም ሰገድሁ። ያበቃ መስሎኝ ነበር።

በሦስተኛው ቀን ከቀትር በኋላ በሳንቃ በር ተራራ በኩል ጥቁር ደመና ተነሣ። በኅዳር እንዲያ ያለ ደመና አይቼ አላውቅም። ነፋሱ ቀደመ፣ ከዚያ በረዶው ወረደ። ባቄላ ባቄላ ያህላል። ቡና አንድ ጊዜ ፈልቶ እስኪወርድ እንኳ አልቆየም። ሲያባራ ወጥቼ አየሁ። የላይኛው መንደር ገብስ፣ ሰው ከነገ ወዲያ በደቦ ሊገባበት የነበረው ሁሉ፣ መሬት ላይ ተነጥፏል። ፍሬው ረግፎ ከጭቃና ከበረዶ ጋር ተደባልቋል። ሴቶቹ ማሳ ለማሳ እየዞሩ ያለቅሱ ነበር። የወንፈል ጓደኛዬ ድንበሩ ላይ ቁጭ ብሎ አገዳውን በጣቱ ያነሣዋል፤ ይወድቃል። ደግሞ ያነሣዋል።

የእኔ ገብስ ከገደሉ ሥር፣ ከነክዳኑ፣ አንዲት ዘለላ ሳትጎድልበት ተቀምጧል።

ከሁሉም የጎዳኝ ይህ ነው። የእኔም አብሮ ተመትቶ ቢሆን ከሰው ጋር አብሬ አለቅስ ነበር። እኔ ግን በበዓል ያጨድሁት ተረፈኝ፤ በዓሉን ያከበሩት አለቀባቸው። ለዚህ ምን መልስ አለኝ?

በፊቴ ክፉ የተናገረኝ ሰው የለም። እንደዚያ ቢሆን ይሻለኝ ነበር። በደጅ ሳልፍ "እንዴት ዋልህ" ይሉኛል፤ "ግባ" የሚለኝ ግን ጠፋ። በሃያ አንድ፣ በጽዮን፣ ማኅበር ተሰበሰብንና ተቀመጥሁ። ስገባ ጨዋታው ቆመ። ከሽማግሌዎቹ አንዱ ጽዋውን እያየ "በረዶውን የጠራውስ ያውቃል" አለ። ስም አልጠራም።

እኔም ተነሥቼ "ወንድሞቼ፣ ቀን ስቼ ነው፤ ንስሐዬን ተቀብያለሁ። ያ ገብስ የእኔ ብቻ አይሁን፤ ለዝክሯ የሚሆነኝን ላስቀርና የቀረውን እንካፈል" አልሁ።

ያቺ አጥሚት ስታመጣልኝ የነበረችው ሴት "እኛ እኮ ልጆች አሉን፣ አያ" አለችኝ። በቁጣ አይደለም። እንደ ልመና ነው የተናገረችው። ልጆቼን አንድ ነገር ቢያገኝብኝስ ማለቷ ነው። ተመልሼ ተቀመጥሁ። የወንፈል ጓደኛዬ ቀና ብሎ አላየኝም።

ለልጄ በስልክ ነገርኋት። "አባ፣ ስልክህ ላይ እኮ ቀን አለ" አለችኝ።

"የፈረንጅ ነው።"

"እሺ በረዶውስ? በረዶ የአየር ጠባይ ነው እኮ! አንተ ምን አደረግህ?"

"እሱን ለእነሱ ንገሪያቸው" አልኋት።

እውነቱን ለመናገር እኔም ራሴ እንደ እሷ አላምንም። ሌላ ሰው በቁስቋም አጭዶ በሦስተኛው ቀን በረዶ ቢወርድ ኖሮ እኔም ጣቴን እቀስርበት ነበር። ያደግሁበት ነው። ስለዚህ ክፉዎች ናቸው ማለት አልቻልሁም። ያንን ብል ይቀለኝ ነበር።

ገብሱን ወቃሁ፤ ልጄ መጥታ ጠላው ተጠመቀ፣ ዳቦው ተጋገረ። የሙት ዓመቷ ዕለት ካህናቱ በመቃብሯ ላይ ፍትሐት አደረሱና ወደ ዳሱ መጣን። ሰው ይቀራል ብዬ ስፈራ ነበር፤ አንድም ሰው አልቀረም። ዳሱ ሞላ። ሴቶቹ ሁሉ ነጠላቸው ሥር አገልግል ይዘዋል። አቤት ደስታዬ! ለዝክሯ አግዘውኝ ነው አልሁ፤ በእኛ አገር እንዲያ ነው፣ ጎረቤት ባዶ እጁን አይመጣም። ልጄን በዐይኔ ጠራኋትና "አየሽ?" አልኋት።

ዳቦው ተባርኮ ተቆረሰ። ልጄ ሌማቱን ይዛ ዞረች። አንዱ "ይቆየኝ" አለ። ሌላው "ጨጓራዬን ያመኛል" አለ። ከዚያ ሴቶቹ አገልግላቸውን ከፈቱ። ከደባርቅ የተገዛ የስንዴ ዳቦ ነው። ለባሎቻቸው ሰጡ፣ ለራሳቸውም ቆረሱ። ውኃ እንኳ በኮዳ ይዘው መጥተዋል። ገብሳቸው በረዶ የመታባቸው ሰዎች፣ የሚበሉት ያጡ ሰዎች፣ ዳቦ ገዝተው መጥተው ዳሴ ውስጥ የራሳቸውን በሉ። ሲጨርሱም "ነፍስ ይማር፣ አፈሩን ገለባ ያድርግላት" አሉ። ከእኔ ዳቦ የቀመሱት ካህናቱ ብቻ ናቸው።

የወንፈል ጓደኛዬ አጠገብ ሄጄ ቁጭ አልሁ።

"አንተም?" አልሁት።

"ሴትዮዋ እንቢ ብላ ነው" አለኝ፤ ሚስቱን ማለቱ ነው።

"እዚህ ቤት አርባ ዓመት ስትበላ የኖርኸው የማንን እጅ ነው?"

ጉርሻው አፉ ውስጥ ቀረ። "አትቀየመኝ አያ። ነፍስ ይማር ብያታለሁ እኮ" አለ።

ጠላው በአራተኛው ቀን ቆመጠጠ። ልጄ እያለቀሰች ከጓሮ ደፋችው።

ክረምቱ ሲቃረብ፣ በሰኔ መባቻ፣ ጓደኛዬ ስልቻ ይዞ ከደጄ ቆመ። ግባ ብለው አልገባም አለ።

"ለዘር ነው" አለኝ። "አገር ምድሩ ዘር አጥቷል።"

"ገብሱ የትኛው እንደሆነ ታውቃለህ?"

"ቄሱን ጠይቀናል። አፈር የገባ ነገር ንጹሕ ነው ብለውናል።"

ሰፈርሁለት። በማግሥቱ ሦስት ሰው መጣ፣ ከዚያ የቀሩት መጡ። አጥሚት ስታመጣልኝ የነበረችውም መጣች። ለሁሉም ሰጠሁ። ልጄ "ለምን ሰጠሃቸው?" እያለች ትቆጣኛለች። ብከለክላቸው በረዶውን የጠራሁት እኔ እንደሆንሁ መሰከርሁላቸው ማለት ነው። ደግሞስ ለማን ላስቀምጠው?

ዘንድሮ በረዶ አልመጣም። ከደጄ ሆኜ ሳይ እስከ ዳባት መንገድ ድረስ ያለው ቢጫ ሁሉ የዚያ ገብስ ልጅ ነው። ቁስቋም ካለፈ በኋላ በደቦ እየዞሩ አጨዱት። እኔን "አንተ አርጅተሃል፣ ዕረፍ" አሉኝ። ባለፈው እሑድ ከቤተ ክርስቲያን ስመለስ ጓደኛዬ እጄን ይዞ ቤቱ አስገባኝ። ሚስቱ የአዲሱን ገብስ ቆሎ በሰፌድ አቀረበችልን። ልጆቹም የልጅ ልጆቹም እየዘገኑ ይቆረጥማሉ። እኔም ዘገንሁ።

"እህሳ አያ፣ የዘንድሮው ገብስ እንዴት ነው?" አለኝ ጓደኛዬ።

"ያው ነው" አልሁት። በመዳፌ የቀረውን ሰፌዱ ላይ መልሼ ተነሣሁ።