በእናቴ ስም የተወሰደ መድኃኒት

ይህ ነገር ሊጻፍ ይገባዋል ወይ እያልኩ ብዙ አመነታሁ። የዩኒቨርሲቲ የመጀመሪያ ዓመት ተማሪ ነኝ። ጓደኞቼ ስለ ቤተሰባቸው ሲያወሩ አባታቸው የዋለበትን ጦርነት ወይም አጎታቸው ያገኘውን ሹመት ያነሳሉ። እኔ ያለኝ አንዲት ሴት ድሬዳዋ ውስጥ ሐኪም ዘንድ ስትመላለስ ያየሁት ብቻ ነው። ማንንም ላያስደንቅ ይችላል። ነገር ግን ከእኔ ሌላ የሚያውቀው አንድ ሰው ብቻ ነው፤ እሱም ተናግሮ የሚያምነው አላገኘም።

አባቴ ባቡር ነጂ ነበር። ከድሬዳዋ ወደ ጅቡቲ የሚወርደውን ባቡር ይነዳል። ሲመለስ ከተማው ዳር ሲደርስ ፊሽካውን ረዘም አድርጎ ይነፋና መጨረሻው ላይ ቆረጥ ያደርገዋል፤ ሌላ ነጂ እንደዚያ አይነፋም። እናቴ ያን ድምፅ ስትሰማ ድስቷን ትጥዳለች። የሰፈሩ ልጆችም «አባትሽ ገባ!» ይሉኛል።

አምስተኛ ክፍል ሳለሁ አንድ ማለዳ አባቴ በረሃው ውስጥ ግመሎቹን ሊመልስ ሐዲዱ ላይ የወጣ ሰው ገጨ። ፍሬን ይዞ ነበር፤ ባቡር ግን እንደ ጋሪ ወዲያው አይቆምም። ኩባንያው ጥፋት የለብህም አለው። ከሟቹ ጎሳ ጋርም ሽማግሌዎች ተቀምጠው ነገሩ በዕርቅ አለቀ። የሟቹ አባት እጁን ይዞ «አላህ ያለው ነው» ብሎታል። አባቴ ከዚያ ቀን ወዲህ እንቅልፍ አጣ። ምሳ እየበላ ድንገት ቀኝ እጁ ይነሳና የሌለ ፍሬን ይስባል። ከዚያ እጁን ጉልበቱ ሥር ደብቆ እኔን ያየኛል። እኔም ወጡን ማየት ለመድኩ።

ኩባንያው ለሠራተኞቹና ለቤተሰባቸው በነጻ የሚያክም ሐኪም ቤት ነበረው። እናቴን ወባ ሲይዛት፣ እኔን ጉሮሮዬን ሲያመኝ የምንሄደው እዚያ ነው። ግን እዚያ ቁስል የሚያጥበውና መርፌ የሚወጋው ድሬሰር ጎረቤታችን ነበር። ደግሞም ጭንቅላቱን የታመመ ነጂ ከባቡሩ ላይ እንደሚወርድ የማያውቅ የለም።

«ከባቡሩ ካወረዱኝ እኔ ምን ነኝ?» አለ አባቴ።

«እንግዲያው በገንዘባችን እንታከማ» አለች እናቴ። «ከዚራ ሰፈር ያሉት ግሪካዊ ሐኪም ነርቭ ያክማሉ ይባላል።»

«በራቸው መንገድ ላይ ነው። ስገባ ሰው ያየኛል።»

«እኔ እገባለሁ» አለች እናቴ። «የሚያምህን ንገረኝ፤ እኔን እንደሚያመኝ አድርጌ እነግራቸዋለሁ። መድኃኒቱን አንተ ትውጣለህ።»

የዚያን ሳምንት አባቴ እየነገራት እሷ እንደ ጸሎት ስታጠና ሰማሁ። «ዓይኔን ስከድን ሰውዬው ይመጣብኛል» ይላታል። «ሰውዬው አይባልም፤ ማን ነው ቢሉኝስ? የሞተ ወንድሜ ይመጣብኛል እላለሁ» ትለዋለች። እናቴ ወንድም አልነበራትም።

ሴት ብቻዋን ሐኪም ቤት ስትገባ ወሬ እንዳይሆን እኔ አብሬያት ሄድኩ። የደቻቱን ወንዝ ደረቅ አሸዋ ተሻግረን በመንገዱ ዛፎች ጥላ ወደ ከዚራ አቀናን። ሐኪሙ ሽማግሌ ነበሩ። ድሬዳዋ ብዙ ዘመን ስለኖሩ አማርኛውንም ኦሮምኛውንም እየቀላቀሉ ይናገራሉ። የነገረቻቸውን ሁሉ አንገታቸውን ዘንበል አድርገው ሰሙ። በመጨረሻ አንድ ነገር ጠየቁ።

«ይህ መድኃኒት ቀን ቀን እንቅልፍ ያመጣል። ሥራሽ ምንድን ነው?»

«የቤት እመቤት ነኝ ዶክተር። ምን ሥራ አለኝ?»

«ደግ። ስለዚህ ጠዋትም ማታም ውሰጂ።»

ስንወጣ እናቴ መንገዱ መሃል ቆመች። የተናገረችው ምን እንደሆነ ያን ጊዜ ነው የገባት። አባቴ ባቡር ላይ እያንቀላፋ ሊነዳ አይችልም። ተመልሳ ገብታ እንዳትነግራቸው ውሸቷ ሊወጣ ነው። ስለዚህ አባቴ መድኃኒቱን የሚውጠው በዕረፍት ቀኑ ብቻ ሆነ። ሲውጥ ይተኛል፤ ባቡሩ ላይ ሲወጣ ሰውዬው ይመለስበታል። እሱ በሚነዳባቸው ቀናት እናቴ ፊሽካውን እስክትሰማ ድረስ እህል አትቀምስም ነበር። ለእሱ ብቻ አልነበረም የምትጨነቀው። «ያንን ባቡር የሞላ ሕዝብ» ትላለች ለራሷ።

ሐኪሙ የማይሻላት ለምን እንደሆነ ግራ ገባቸው። በየሳምንቱ እየመጣሽ አውሪኝ አሏት። ክፍያው የሚገኘው ደግሞ ከእናቴ ጆሮና አንገት ነበር። መጋላ ገበያ ጨርቅ የምትነግድ ሶማሌ ወዳጅ ነበረቻት፤ እናቴን እህቴ ለማለት «አባዮ» ነው የምትላት። ጉትቻዋን ልትሸጥላት ስታወጣ ሴትየዋ መዳፏ ላይ አገላበጠችው።

«አባዮ፣ ጆሮሽ ባዶ ሲሆን ባልሽ ምን ይላል?»

«ወርቅ ያሳክከኛል።»

«ወላሂ! ወርቅ የሚያሳክከው ሰው ገና ዛሬ አየሁ!» ብላ ሳቀች። ከዚያ የእናቴን ፊት አይታ ሳቋን ተወች፤ ሌላም አልጠየቀችም።

በኋላ በኋላ እናቴ ሐኪሙ ፊት ታለቅስ ጀመር። መጀመሪያ አባቴ የሚያለቅሰውን የምታለቅስ መስሎኝ ነበር። አንድ ቀን ግን «ደክሞኛል፤ የማዋየው ሰው የለኝም» አለች። ይህን አባቴ አላስጠናትም።

እናቴ ነርቭ ሐኪም ዘንድ እንደምትመላለስ ሰፈር ውስጥ መታወቁ አልቀረም። የድሬሰሩ ሚስት ውኃ ስንቀዳ እየሰማን «ለግሪኩ ከምትገፈግፉ ቁልቢ ገብርኤል በነጻ አይደል እንዴ!» አለች፤ ሴቶቹም ሳቁ። እናቴም አብራ ሳቀች። ልጆች «የእብዷ ልጅ» ይሉኝ ጀመር። ለአንዲት አራስ ገንፎ ይዘን ስንሄድ፣ እናቴ ሕፃኑን ልትታቀፍ እጇን ብትዘረጋ፣ አራሷ «አሁን ጠብቶ ተኝቷል» ብላ ወደ ደረቷ ሳበችው። ሕፃኑ ዓይኑን ፈጥጦ ያየን ነበር።

ሰባተኛ ክፍል በነበርኩ ጊዜ አባቴ ጠራራ ፀሐይ ላይ፣ ሐዲዱ ላይ ምንም በሌለበት ሜዳ፣ ባቡሩን አቆመ። ወርዶ መንኮራኩሮቹን እያጎነበሰ ሲያይ መንገደኞቹ በመስኮት ይመለከቱት ነበር። ባቡሩን ያስገባው ረዳቱ ነው። ያን ቀን ፊሽካው ቀጥ ብሎ፣ ሳይቆረጥ ተነፋ። እናቴ ድስቱን አልጣደችም። ነጠላዋን ደርባ ወደ ጣቢያው ሮጠች።

የኩባንያው ሐኪም አልተቆጡትም። ሁሉንም ካስወሩት በኋላ «ያኔውኑ መጥተህ ቢሆን እረፍት ሰጥቼህ፣ አክሜህ፣ ወደ ባቡርህ እመልስህ ነበር። አሁን ግን ቆይቷል» አሉት። ይህን የነገረን ጫማውን እያወለቀ ነው። እናቴ ባዶ ጆሮዋን ነካች። አባቴ ወርክሾፕ ቀላል ሥራ ተሰጠው፤ ከዚያ ወዲያ ባቡር አልነዳም።

ሰፈሩ ግን ፍርዱን ሰጥቶ ነበር። «ደህናውን ሰው ያሳበደችው እሷ ናት፤ የእሷ በሽታ ነው የተጋባበት» ተባለ። እኔ ከትምህርት ቤት እየነደድኩ መጥቼ «ለምን እውነቱን አትነግሪያቸውም?» አልኳት።

«ተዪ ልጄ» አለችኝ። «ባቡሩን አጥቷል። ስሙን ይተዉለት።»

ወባ ነው የገደላት፤ እኔ የሁለተኛ ደረጃ የመጨረሻ ክፍል ስማር። ድንኳን ተተከለ፤ ሕፃን የከለከለቻትም ሴት፣ ጉትቻዋን የገዛችውም ወዳጇ መጡ። በሣልስቷ ቀን የድሬሰሩ ሚስት ሐዘንተኛውን ልታጽናና ብላ «ነፍሷን ይማር፤ እንግዲህ ጭንቅላቷም አረፈላት» አለች። በክፋት አልነበረም፤ እንባዋ ይወርድ ነበር።

አባቴ ከተቀመጠበት ተነሳ።

«እሷ አንድ ቀን ጭንቅላቷን አልታመመችም» አለ። «የታመምኩት እኔ ነኝ። ሐኪሙ ዘንድ ለእኔ ነው የሄደችው። መድኃኒቱን የዋጥኩት እኔ ነኝ።»

አንድ ሽማግሌ ትከሻውን ያዙት። «አይዞህ ወንድሜ፤ ሐዘን ነው የሚያናግርህ። ኧረ ውኃ ስጡት!»

«እውነቱን ነው!» አልኩ እኔ።

«አንቺም ልጄ፣ አታባብሺበት» አለችኝ የድሬሰሩ ሚስት፣ ጭንቅላቴን እየደባበሰች። «ምን ያህል ቢወዳት ነው» ብለው ሴቶቹ እንደገና አለቀሱ። ጉትቻውን የገዛችው ወዳጇ ብቻ ሳታለቅስ አባቴን ትኩር ብላ አየችው።

አባቴ ብርጭቆውን በቀኝ እጁ ተቀበለ። እጁ ፍሬን ሊስብ አልተነሳም። ውኃውን ጠጥቶ ተቀመጠ፤ ያን ነገር ዳግመኛ አላነሳውም።

ይህ የሆነው ጥር 14 ቀን 1957 ዓ.ም. ነበር።