የእንግዳ ባሌስትራ

ባለፈው ሳምንት ጋሽ ከድርን በፒክአፔ ከጉንችሬ ወደ ወልቂጤ ሐኪም ዘንድ ስወስዳቸው፣ መንገድ ዳር ቆጮ ታቅፈው የቆሙ እናት አዩና «ቁም!» አሉኝ። ሳቄ መጣ። ይኸው የመቆም አመላቸው ነው በወጣትነቴ ጉድ የሠራኝ።

ያኔ ከቴክኒክ ትምህርት ቤት ከወጣሁ ዓመት አልሞላኝም። ወልቂጤ አንድ ጋራዥ ተቀጥሬ እርሳስ ከጆሮዬ የማይለይ ጉረኛ ነበርኩ። ጋሽ ከድር ደግሞ የጭነት መኪና ሹፌር ናቸው። የጉንችሬ ኮረኮንች ወገባቸውን ስለጨረሰው ሐኪም መንዳት አቁሙ ብሏቸዋል።

«አንተ ልጅ፣ መላ በለኝ። ስድስት ልጆች አሉኝ፤ መሪ ከመጨበጥ ሌላ ሙያ የለኝም» ሲሉኝ አንጀቴን በሉት።

የመኪናቸው የፊት ባሌስትራ፣ ማለት ከጎማው በላይ ተነባብሮ ክብደቱን የሚሸከመው ብረት፣ ድርቅ ያለ ስለነበር የጉድጓዱን ንጠት ሁሉ ወደ ወገባቸው ያቀብላል። ሞተሩን፣ ጋቢናውን፣ ሹፌሩንና ረዳቱን ደምሬ ሳሰላው ብረቱ ከሚገባው በላይ በዝቷል። ቀነስ፣ ሳሳ አድርጌ አዲስ ነደፍኩና አሠራሁ። ስንሞክረው ጋሽ ከድር «ወላሂ፣ ፍራሽ ላይ የተቀመጥኩ ነው የሚመስለኝ!» አሉ። ደረቴን ነፋሁ። እዩኝ እዩኝ ያለች ደብቁኝ ደብቁኝ ታመጣለች ይባል የለ?

በገበያ ቀን አብሬያቸው ሄድኩ። ክረምቱ ገና መውጣቱ ነው፤ መንገዱ በጉድጓድ ተበልቷል። አንዲት አሮጊት አዩና ቆሙ። ትንሽ አለፍ ብለን አንድ ሽማግሌ፣ ከዚያ ደግሞ ሕፃን ያዘለች ሴት። ረዳቱ ጭነቱ ላይ ወጣ፤ የሁሉም ቆጮ እኔ ጭን ላይ ተከመረ። ቀጣዩ ጉድጓድ ላይ ባሌስትራው ተለጠጠና ብረት ከብረት ተላተመ። ጋሽ ከድር ጮኹ። እንደምንም አቁመው ወረዱና ሣሩ ላይ በጀርባቸው ተጋደሙ። እንባቸው በጆሯቸው በኩል ይወርድ ነበር።

«ሒሳቡ እኮ ለሁለት ሰው ነው» አልኩ፣ ጥፋቴን በተሳፋሪዎቹ ላላክክ።

«እናቶችን መንገድ ላይ ጥዬ ልለፍ? ሒሳብህ የየት አገር ነው?»

አሮጊቷ ከቆጮአቸው ቆርሰው ለሁለታችንም ሰጡን። እንደዚያን ቀን አፍሬ አላውቅም።

እንደገና ነደፍኩ። ከሥር አንድ አጭር ወፍራም ብረት ጨመርኩ። ጋቢናው ቀለል ሲል ሥራ ፈትቶ ይቀመጣል፤ ሰው ሲበዛ የላይኞቹ ብረቶች ዝቅ ብለው ያርፉበትና አብሮ ይሸከማል። ጋሽ ከድር «የእንግዳ ባሌስትራ» አሉት። ወገባቸው ጨርሶ ባይድንም ስድስቱንም ልጆች በዚያ መኪና አሳደጉ። እኔም ከዚያ ወዲህ ምንም ነገር ስነድፍ፣ መንገድ ላይ ማን ይሳፈር ይሆን ብዬ ሳልጠይቅ እርሳስ አላነሳም።

ባለፈው ሳምንትም ቆምኩ። ጋሽ ከድር ወገባቸውን ይዘው ወደ እኔ ተጠጉና ለእናትየዋ ቦታ ለቀቁ።

«ይሄኛውስ የእንግዳ ብረት አለው?» አሉኝ።

«በገዛሁት ማግስት ነው ያስገባሁለት።»

የሴትየዋን ቆጮ ተቀብለው ጭናቸው ላይ አስቀመጡና፣ በነፃ እጃቸው ትከሻዬን ጨበጥ አደረጉኝ።