ሦስት ቀለበት ያላት ተርብ

ነፊሳን በደንብ አላውቃትም። ስለ ሰው የሚጽፍ ሁሉን ያወቀ ስለሚመስል፣ አንባቢን እንዳላታልል ይህን አስቀድሜ ልናገር። እኔ የማውቃት ሹም አቦ ሰፈር ባለችው የፎቶ ኮፒ ሱቄ መስኮት በኩል ነው። ስምንት ዓመት ደንበኛዬ ናት፤ ቤቷ ግን አንድም ቀን አልገባሁም። ሰሚሐ የምትባል የአሥር ዓመት ልጅ አለቻት። የነፊሳ አባት ሐጂ አብዱልበሲጥ ወረታ ውስጥ የሩዝ ነጋዴ ነበሩ። እርሷ እዚህ ባሕር ዳር፣ ሐይቁ ዳር ባለ አንድ የምርምር ተቋም የነፍሳት ክፍል ውስጥ ትሠራለች። ከዚህ የዘለለውን ያወቅሁት ባለፈው ጥቅምትና ኅዳር ነው።

ሌላው ሰው ማመልከቻና የትምህርት ማስረጃ ይዞልኝ ሲመጣ ነፊሳ የምታሳትመው ከአውራ ጣት ጥፍር የሚያንስ ወረቀት ነው። መለያ ትለዋለች። ፊደሉ ከማነሱ የተነሣ መነጽር አድርጌም የማነብበው በግምት ነው። ቦታ፣ ቀን፣ የዛፍ ስም፣ የሰብሳቢ ስም ይዟል። እያንዳንዷ የደረቀች ተርብ በእስፒል ላይ ስትቀመጥ ከሥሯ አንድ መለያ ይሰካል።

«ተርቧ ብትበሰብስ እንኳ ወረቀቱ ከቀረ ግማሽ ሥራ ቀረ ማለት ነው» ብላኝ ነበር አንድ ጊዜ።

«ወረቀቱ ጠፍቶ ተርቧ ብትቀርስ?»

«ያኔማ የሞተች ዝንብ ናት።»

በጥቅምት መጨረሻ አንድ ሐሙስ ዕለት አራት ጊዜ መጣች። መጀመሪያ መለያ እንዳትምላት ነገረችኝና ኮምፒውተሩን ስከፍት «ይቆይ» ብላ ሄደች። ሁለተኛ መጥታ ቆማ መንገዱን አየች። ሦስተኛ ስትመጣ ቁልፏን ከእጅ ወደ እጅ እየወረወረች ስለ መብራት መጥፋት አወራች። አራተኛ ስትመጣ እኔም ለወራት አፌ ላይ ይዤው የኖርሁትን ነገር ተናገርሁ፤ ስለ እርሷ መጻፍ እንደምፈልግ።

«ስለ እኔ? ምን አደረግሁ?»

«ምንም። ለዚያ ነው።»

ሳቀች። «ስለ ተርቦቹ ከሆነ ነገ ና። ጻፍ፤ ግን ጋሽ ምሥጋና፣ እኔ ያላልሁትን እንዳትጨምር።»

በማግስቱ ሄድሁ። ክፍሏ ጠባብ ነው፤ አንዱ ግድግዳ ሙሉ በሙሉ መደርደሪያ ሲሆን ላዩ ላይ ክዳናቸው መስተዋት የሆነ ሳጥኖች ተደርድረዋል። ነፊሳ ሱቄ ስትመጣ እንደምታደርገው ሁሉ እዚያም አትቀመጥም፤ መስኮት ትከፍታለች፣ ትዘጋለች፣ የተጠረገ ጠረጴዛ ትጠርጋለች። ከአንዱ ሳጥን አንድ እስፒል አወጣችና «መጀመሪያ በባዶ ዓይንህ እያት» አለችኝ። ጫፏ ሹል ሆኖ በተቆረጠች ነጭ ወረቀት ላይ አንዲት ነጥብ በሙጫ ተጣብቃለች። ከተሰበረ ሩዝ ታንሳለች። ከኋላዋ እንደ ፀጉር የቀጠነ ነገር ይወጣል።

ማይክሮስኮፑ ውስጥ መጀመሪያ ያየሁት የራሴን ሽፋሽፍት ነው።

«ዓይንህን አትጫነው። ትንፋሽህን ያዝ።»

ትንፋሼን ያዝሁ፤ ተርቧም ብቅ አለች። ደረቷ እንደ ጢንዚዛ ጀርባ የሚያብረቀርቅ አረንጓዴ ነው። ፊቷ ቢጫ፣ ዓይኖቿ የደረቀ በርበሬ የመሰሉ። ክንፏ ጥርት ያለ፣ በውስጡ አንዲት ሥር ብቻ ያለችው። የኋላ እግሯ ከሰውነቷ የሚጋጠምበት ሰፊው አንጓዋ ላይ የዓሣ መረብ የመሰለ ጭረት አለ። ጭራ የመሰለኝ ነገር እንቁላል መጣያ መርፌዋ ነው፤ ከቁመቷ ሦስት እጥፍ ይበልጣል፣ ግራና ቀኝ ሰገባ አለው።

«ሾላ ፍሬ ውስጥ አበባው እንዳለ ታውቃለህ?» አለች ነፊሳ። «ፍሬውን የምታዳብር ሌላ ትንሽ ተርብ አለች። እሷ በአፉ በኩል ትገባለች፤ ስትገባ ክንፏ ይነቀላል፣ እዚያው ትሞታለች፣ ልጆቿ እዚያው ያድጋሉ። ይቺ ጮሌ ግን አትገባም። ውጪ ቆማ በመርፌዋ ፍሬውን ትበሳና እንቁላሏን ትጥላለች። የእሷ ልጅ የዚያችን ልጅ ምግብ ይበላና ያንኛው ይሞታል። ጥገኛ የምንላት ለዚያ ነው። አሁን ቀንዷን ቁጠር።»

ቀንድ ያለችው ግንባሯ ላይ ያሉትን ሁለት አንቴናዎች ነው። እያንዳንዱ አሥራ ሦስት አንጓ አለው። ከሁለተኛው ቀጥሎ ግን እንደ ቀለበት የጠበቡ አሉ።

«ሦስት» አልሁ።

«እርግጠኛ ነህ?»

«ሁለት… ይሆኑ?»

«ኧረ ዓይንህን እመነው! ሦስት ናቸው። የቅርብ ዘመዷ ሁለት ነው ያላት። ነገሩን የጀመርነው ከዚያ ነው። ከዚያ መርፌዋን ለካን፣ ረዘመ። የእግሯን መረብ አየን፣ ጠለቀ።»

ምደባውን ስትነግረኝ እኔ እንዲገባኝ ብላ በአድራሻ ነበር። ተርብ፣ ንብና ጉንዳን አንድ ከተማ ናቸው። ጥቃቅኖቹ ጥገኞች በዚያ ውስጥ አንድ ክፍለ ከተማ። የሾላዎቹ አንድ ቀበሌ። ከዚያ ወገን ይመጣል፣ በመጨረሻም ዝርያ፤ ዝርያ የቤት ቁጥር ነው። ይቺ ባለ ሦስት ቀለበቷ ገና ቁጥር አልወጣላትም።

ሌላ እስፒል አቀረበች። ያኛው ላይ የነበረው ክንፍ የሌለው፣ የጎበጠ፣ ቢጫ፣ ዓይኑ ከምንም የማይቆጠር፣ መንጋጋው ብቻ የገዘፈ ነገር ነው።

«ይሄስ?»

«ባሏ።»

«በፍጹም አይመስልም!»

«ድሮ ያጠኑትም አልመሰላቸውም። ወንዱን ሌላ ዝርያ ብለው ለብቻው ስም ያወጡለት ጊዜ ነበር። ከፍሬው ሳይወጣ ነው የሚሞተው። እኔም ከጠርሙሱ ሥር ሳገኘው ትራፊ መስሎኝ ልደፋው ስል መንጋጋው ታየኝ።»

እንዲህ ማየትን የተማረችው አባቷ መጋዘን ውስጥ ነው። ከነጭ ሩዝ ነጭ ጠጠር ስትለቅም ነው ያደገችው። አባቷ ይህ ዓይን ለንግድ ነው የተፈጠረው ይሏት ነበር። ሱቁን የያዘው ወንድሟ ኑርሑሴን ዛሬም ሲደውል ከሰላምታ በፊት «ዝንቦቹ እንዴት ናቸው? የደመወዝ እርከን ጨመሩልሽ?» ይላታል። እርሷም «ካንተ ሩዝ የጸዱ ናቸው» ትለዋለች።

ይህን እየነገረችኝ ሳለ ዶክተር ገድሉ ገቡ። የክፍሉ ኃላፊ ናቸው፤ ረጅም፣ ሸበቶ፣ ሲናገሩ ሰውን ትከሻውን የሚይዙ።

«ወንዛዬ እንዴት አደረች?» አሉ፤ ተርቧን ማለታቸው ነው። በመንገዱ ችግር የተነሣ ለወራት የተቋሙ መኪና ከከተማ አልወጣም ነበር። በመስከረም አንድ ማክሰኞ መንገዱ ተከፈተ ሲባል መኪናው ፍል ውኃ ወዳለበት ወንዛዬ ሄደ። ነፊሳ ያን ቀን ከሰበሰበችው ሾላ ማንም ያላያቸው አሥራ አንድ ሴትና ሦስት ወንድ ተርቦች ወጡ። ዶክተሩ መግለጫውን ጽፈው ጨርሰዋል፤ በላቲን ያወጡላትም ስም ከወንዛዬ የተወሰደ ነው። በሚቀጥለው ዓርብ ይልኩታል።

«የቀረን የዛፉ ፎቶ ነው፤ ስልክሽ ላይ የለም?»

«የለም ዶክተር።»

«ግድ የለም፣ ሾፌሩ ጌትነት ማክሰኞ መኪናውን ይዞ በዚያ ያልፋል። ከፍል ውኃው ስንተኛው ዛፍ እንደሆነ ብቻ ንገሪው።»

ወረንጦው ከነፊሳ እጅ ወደቀ። ዶክተሩ ጎንበስ ብለው አነሡላት፤ «ደከመሽ፣ ሻይ ጠጪ» ብለው ወጡ።

ሰኞ ጠዋት ሱቄን ሳልከፍት በሩ ላይ ቆማ አገኘኋት። «አሥራ አራት መለያ» አለች። ቀኑ ያው የመስከረሙ ማክሰኞ፣ ዛፉ ያው ሾላ፣ ሰብሳቢዋ ያችው ነፊሳ። ቦታው ግን «ባሕር ዳር፣ ሹም አቦ» ነበር። «ወንዛዬ» የሚለውን የድሮውን ያተምሁት እኔ ስለሆንሁ አስታወስሁት።

«ያን ቀን ወንዛዬ አልነበርሽም?»

«አልሄድሁም።»

የነገረችኝ ከበሩ እስከ ማተሚያው እየተመላለሰች ነው። መኪናው የዓባይን ድልድይ ሲሻገር ከትምህርት ቤት ተደወለላት፤ ሰሚሐ ትኩሳት ይዟታል። ወረደች። ጌትነት አፈር የሚሰበስቡትን ሁለት ሰዎች ይዞ ቀጠለ። እርሷ ልጇን ክሊኒክ ወሰደች፣ ትኩሳቱ በረደ፣ ቀትር ላይ ለጎረቤት ተወቻት።

«ከትምህርት ቤቱ አጥር ጥግ ሾላ አለ። ፍሬው ልክ ደርሷል። ለወራት የጠበቅነው ቀን ነው፤ ባዶ እጄን እንዴት ልግባ? ለቀምሁ፣ ጠርሙስ ውስጥ ከተትሁ። ቦርሳዬ ውስጥ የነበረው ቀድመህ ያተምኸው የወንዛዬ ወረቀት ነበር። ለጊዜው ብዬ እሱኑ አሰርሁበት። ማታ እቀይረዋለሁ አልሁ። ማታ ልጄ እንደገና ተኮሰች። በአራተኛው ቀን ተርቦቹ ወጡ። ዶክተር አዩና ‹ወንዛዬ!› እያሉ ሕንፃውን ሁሉ ጠሩት። ልናገር አፌን ከፍቼ ነበር፤ አቀፉኝ። ከዚያ በኋላ እያንዳንዱ ቀን ከፊተኛው ከበደኝ።»

«አንዲት ወረቀት ናት፤ ብትቀይሪያት ያልቃል» አልኋት። ለማጽናናት ብዬ ነበር።

ቆመችና አየችኝ። «መደርደሪያውን አይተኸዋል አይደል? የአሥራ ስድስት ዓመት ሥራ ነው። ሁሉም ላይ ስሜ አለ። አንዱ ውሸት ከሆነ ሌላውን ማን ያምነዋል?»

«ዝም ብትይስ?»

«ዝም ብልማ ሰው ይህን አንብቦ ወንዛዬ ይሄዳል። ዛፍ በዛፍ ይፈልጋታል። ላያገኛት ይችላል፤ የእኔን ጽሑፍ አምኖ ዕድሜውን ይጨርሳል።» ወረቀቶቹን በፖስታ ከተተች። «አብረኸኝ ና። ብቻዬን ከሆንሁ ከበሩ ነው የምመለሰው።»

በባጃጅ ሄድን። መንገዱን ሙሉ ፖስታውን ስትከፍትና ስትቆጥር ነበር። እኔም ለምን እሺ እንዳልሁ አላውቅም፤ ዶክተሩ ቢሮ ውስጥ እንደ ተረሳ ጃንጥላ ጥግ ቆምሁ።

ዶክተር ገድሉ እስክትጨርስ ሰሟት። መነጽራቸውን አወለቁ። ከዚያ እኔን አዩ።

«ነፊሳ፣ ሰው ፊት ነው እንዲህ ያለ ነገር የምትነግሪኝ?»

«ብቻዬን ብሆን አልነግርዎትም ነበር።»

ተነሥተው መስኮቱ ጋ ሄዱ። ሐይቁ ላይ ነፋስ ነበር። ተመልሰው ሲቀመጡ ድምፃቸው ዝቅ ብሏል። «በይ ሳጥኑን አምጪው።»

ነፊሳ የመጀመሪያዋን እስፒል አወጣች፤ የወንዛዬን ወረቀት ልትነቅል ወረንጦዋን አስጠጋች።

«እሱ አይነሣም» አሉ። «ይህን ለተማሪዎቹ የምታስተምሪው አንቺ ነሽ። የተሰካ መለያ፣ ስሕተትም ቢሆን፣ አይጣልም። አዲሱን ከሥሩ ስኪው፤ ምን እንደሆነ ደግሞ በእጅሽ ጻፊበት።»

አሥራ አራቱንም ሰካች። በእያንዳንዱ እስፒል ላይ ሦስተኛ ትንሽ ወረቀት ጨምራ በሹል ብዕር «የመጀመሪያው መለያ ስሕተት ነው፤ ነፊሳ አብዱልበሲጥ» ብላ ጻፈች። አንዲትም ቀንድ አልተሰበረችም። ስትጨርስ ፊቷ በላብ ርሶ ነበር።

ዓርብ አለፈ፤ ጽሑፉ አልተላከም። ዶክተር ገድሉ አልተቆጧትም፣ ከሥራም አላገዷት። ግን በነገረቻቸው ማግስት የአሥራ ስድስት ዓመቱን የመኪና መውጫ ደብተር ከስምሪት ክፍል አስመጡ። በየጠዋቱ ሁለቱ ጎን ለጎን ይቀመጣሉ፤ እርሷ መለያውን ታነብባለች፣ እርሳቸው በዚያ ቀን መኪናው የት እንደሄደ ከደብተሩ ይፈልጋሉ። አንበሳሜ፤ ይገጥማል። ወረታ፤ ይገጥማል። ያተምሁትን ወረቀት ላደርስ ስሄድ ሁለት ጊዜ በር ላይ ቆሜ ሰምቻቸዋለሁ። «ወንዛዬ እንዴት አደረች» የሚል የለም። ተርቧ አሁን በሳጥኗ ቁጥር «ሰባት ቁጥር» ነው የምትባለው።

የኅዳር መጀመሪያ ላይ በምሳ ሰዓት ሐይቁ ዳር ባለው የእግር መንገድ አገኘኋት። ድንጋይ ላይ ተቀመጥሁ። እርሷ አልተቀመጠችም፤ አምስት እርምጃ ሄዳ ትመለሳለች፣ እንደገና ትሄዳለች። የስድስት ዓመቱን መለያ ጨርሰዋል፤ የአሥሩ ይቀራቸዋል።

«እስካሁን አንዱም ሳይገጥም አልቀረም» አልሁ። «ደስ አይልም?»

«የዚያን ማክሰኞ ደብተር ምን እንደሚል ታውቃለህ?»

«ምን ይላል?»

«ወንዛዬ። መኪናውማ ሄዷል። ወረቀቴም ወንዛዬ ይል ነበር። ይገጥማል።»

ትንሽ ቆይቶ ነው የገባኝ። ይህ ሁሉ ደብተር ቢገለበጥ ያችን አንዲት ወረቀት እንኳ ሊይዛት አይችልም ነበር፤ ሌላ ካለም አይዝም። የሚያውቀው ሰው አንድ ብቻ ነው፤ እርሱም ከፊቴ ይመላለሳል። መጠየቅ የእኔ ድርሻ ይሁን አይሁን ለራሴ መመለስ አልቻልሁም።

«ነፊሳ… ከዚያ ቀን በፊት ከመኪና ወርደሽ ታውቂያለሽ?»

ቆመች። ባወቅኋት ጊዜ ሁሉ እንዲህ ቀጥ ብላ ስትቆም አላየሁም።

«ዶክተር ይህን አልጠየቁኝም» አለች።

«እኔ ጠየቅሁሽ።»

«ሰምቻለሁ።» ነፋሱ የገለጠውን ሻሿን መለሰች፣ ሰዓቷን አየች። «እሳቸው ይጠይቁኝ። ለአንተ አልመልስም» አለችና ወደ ሳጥኖቿ ሄደች።